የኮሎ ፑሊ መያዣ ብረት
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ረጅም ብረት ይዘን ስንገባ ከእናቶች መካከል «አዲስ የድንኳን ካስማ ነው ወይ?» ያሉ ነበሩ። አይደለም። በጋራዥ ሥራ የምንተዳደር አባላት ተረዳድተን የሠራነው የሞተር መሣሪያ ነው። ታዲያ ለዕድር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል።

እንደሚታወቀው በሁሩሙ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ጭቃውን የሚደፍረው ላንድክሩዘር ነው። ሕመምተኛ ወደ መቱ የሚያደርሰው፣ አስከሬን የሚመልሰው፣ ድንኳንና ብረት ድስት ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው እሱው ነው። እሱ ሲቆም ቀብር ይዘገያል።

ብዙዎቹ ላንድክሩዘሮች የያዙት ዋን ኤች ዜድ የሚባለውን ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የወጣ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አናማውም። ነገር ግን ኮሎውን፣ ማለት ዋናውን የሞተር ዘንግ፣ ከቫልቮቹ ጋር አስማምቶ የሚያዞር የጎማ ቺንጋ አለው። ይህ ቺንጋ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። ችላ ተብሎ ከተበጠሰ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል፤ ያን ጊዜ ወጪው የሌላ ነው።

ቺንጋውን ለመለወጥ የኮሎው ፑሊ መውጣት የለበትም፤ የኮሎውን የፊት ፓራኦሊዮ ለመለወጥ ግን መውጣት አለበት። ፑሊውን የያዘው አንድ ብሎን ሲሆን ፋብሪካው አጥብቁ የሚለው በ430 ኒውተን ሜትር ነው። በእኛ ቋንቋ፣ አንድ ሜትር በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ 44 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው፤ ግማሽ ኩንታል ቡና ሊሞላ 6 ኪሎ የጎደለው! ይህን ያህል ሲጎተት ሞተሩ አብሮ ይዞራል። ፑሊውን ማን ይያዘው?

ለመፍታቱ እንኳ መላ አይጠፋም። መፍቻውን ሻንሲ ላይ አስደግፎ ሞተሪኖ የሚመታ አለ፤ መፍቻው ቢፈናጠር የሰው እጅ ይሰብራል። ሞተሪኖው የሚነክሰው ጥርስ ውስጥ ካቻቢቴ የሚሰካም አለ፤ ጥርሱ ይረግፋል። ዋናው ችግር ግን መልሶ ማሰሩ ነው። በሞተሪኖ ብሎን አይታሰርም። ላልቶ የታሰረ ፑሊ ደግሞ እየተወዛወዘ ቁልፉን ይበላና ኮሎውን ራሱን ያበላሻል።

ፋብሪካው ለዚህ የሚሆን መያዣ አለው፤ እኛ ዘንድ ግን ስለሌለ ይህንን ሠራን። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ወስደን መሐሉን መፍቻው በሚያልፍበት ልክ ቀደድን። ግራና ቀኙን ደግሞ ፑሊው ላይ ካሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ጋር አስማምተን በትራፓኖ በሳን። ከዚያ አንድ ሜትር የሆነ ወፍራም የማዕዘን ብረት በየድነት። ፌሮ አይሆንም፣ ይጎብጣል። ሁለቱ ብሎኖች ራሳቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ይሁኑ፤ ተራ ብሎን ይቆረጣል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ሽቦ ይነቀላል። ከመኪናው ፊት ለቆመ ሰው፣ ሲፈታ እጀታው በስተግራ፣ ሲታሰር በስተቀኝ ሻንሲው ላይ ይደገፋል፤ በመካከሉ ጣውላ ይግባ። የኃይል መለኪያ መፍቻ ከሌለ የቡና ነጋዴዎች ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል። ከብሎኑ መሐል አንድ ሜትር ተለክቶ ሚዛኑ ዘንጉ ላይ ይታሰራል፤ ዘንጉና ሚዛኑ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው 44 እስኪያነብ በዝግታ ይጎተታል። ዘንጉ ግማሽ ሜትር ከሆነ 88 ነው፤ ያ ለሰው ይከብዳል።

ስለዚህ ጉባኤው ቢፈቅድ ብረቱ ከድንኳኑ ጋር በዕድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ የሚፈልግ አባል እየፈረመ ይውሰድ። መያዣው ሳይወጣ ሞተር ከተነሣ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ወሳጁ መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት ብረቱን አውጥቶ ባለንብረቱን ያሳይ። ሲመለስም ዕቃ ቤት ጠባቂው ብሎኖቹ ሁለት መሆናቸውን ይቁጠር።