ሳታነቢ አትፈርሚ
(በሱለይማኒያ አርብ ለተሰበሰቡ እህቶች የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ እንደምታውቁኝ አስተማሪ አይደለሁም፤ ከአሥረኛ ክፍል ነው ተነሥቼ ወደዚህ የመጣሁት። የዓድዋ በዓል ስለደረሰ ተናገሪ ስትሉኝ፣ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ጦርነቱን ስላመጣው ወረቀት ልናገር አልኩ። እኛም ወረቀት የጎዳን ሰዎች ነንና።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ውጫሌ ላይ ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ፤ ሁለቱም እኩል ይጸናሉ ተባለ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። ከፈለጉ ማለት ነው። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም ይህንኑ ይዛ "ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት" ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ጉዱን የሰሙት፣ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው "በኢጣሊያ በኩል ይላኩ" የሚል መልስ ሲመጣላቸው ነው።

በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት 1881 ዓ.ም.፣ ዛሬ ዚምባብዌ በምንለው አገር ንጉሥ ሎቤንጉላ ለእንግሊዞች የማዕድን ውል ፈርሞ ነበር። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንበብ አይችልም። "ከአሥር ነጭ በላይ አይመጣም" ብለው በቃል ነገሩት፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልጻፉትም። በ1,000 ጠመንጃና በወር 100 ፓውንድ የአገሩ ማዕድን ሁሉ ተፈረመበት። ነገሩ ሲያጠራጥረው ሰዎች ለንደን ድረስ ላከ፤ ውሉንም አልቀበልም አለ። ግን በራሱ ቋንቋ የተጻፈ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ከአምስት ዓመት በኋላ አገሩን በጦር ወሰዱበት።

ምኒልክ የአማርኛው ወረቀት በእጃቸው ነበር። እቴጌ ጣይቱም አጥብቀው ተከራከሩ። መጀመሪያ በደብዳቤና በንግግር ሞከሩ፤ አልሆን ሲል በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ከዚያ በኋላ ነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነው የሆነው። በ1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል የውጫሌን ሻረ። ወረቀት ብቻውን አገር አላዳነም፤ ስንቱ ደሙን አፍስሷል። ግን የፈረሙትን ያውቁ ነበር፣ ውሸቱንም ቶሎ ለዩት።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝና "ፈርሚ፣ ለኢቃማሽ ነው" አሉኝ። ፈረምኩ። በኋላ ደመወዜን ስጠይቅ ያንኑ ወረቀት አወጡ፤ ለካ "የአራት ወር ደመወዝ ተቀብያለሁ" ይላል። በእጄ ምን ነበረ? ምንም። እናቴ ገንዘቡን እየጠበቀች ነበር። አፌ ዐረብኛ ይናገራል፣ ዓይኔ ግን አያነብም። ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ከአገር የያዛችሁትን የአማርኛ ውል አትጣሉ፤ አንድ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ። ፈርሚ ስትባሉ በትሕትና "መጀመሪያ ላስነብበው" በሉ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ደመወዝ ስትቀበሉ ቀኑንና ብሩን በደብተር ጻፉ፤ በባንክ የሚገባላችሁ ከሆነ መልእክቱን አታጥፉ። ስልኳን የተነጠቀች፣ በግድ የምትፈርም እህት እንዳለች አውቃለሁ። እሷን ሞኝ አንበላት። ያለችው ቀኑን በልቧ ትያዝ፣ ሰው ባገኘች ጊዜ ትናገር፤ እኛም እንጻፍላት።

የሚመጣው አርብ የውል ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ዐረብኛ የምታነብ እህት በመካከላችን አለች፤ አንድ በአንድ እናነበዋለን። እኔም የራሴን ይዤ እመጣለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።