«ያድግበታል» ተብሎ የማይገዛ ልብስ

(ከክረምቱ የሰርፊንግ ልምምድ በፊት ለወላጆችና ለአባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ማኅበሩ ለባሕር ቡድኑ የመደበውን በምን እናውለው? ገሚሱ አዲስ ጋልሻን ይገዛ ይላል። እኛ የቡድኑ አስተባባሪዎች ግን መጀመሪያ ሐሊፋ ይገዛ እንላለን፤ ከውኃ ብርድ የሚከላከለው የጎማ ልብስ ማለታችን ነው። ያውም በየልጁ ልክ።

ለምን ቢባል፣ በዚህ አገር ደህናው ሞገድ የሚመጣው በብርድ ወራት ነው። በኦገስት ባሕሩ እስከ 29 እና 30 ዲግሪ ይሞቃል፣ ቲሸርት ይበቃል፤ ሞገዱ ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። በቆጵሮስ በኩል የክረምቱ ማዕበል ሲነሳ ነው አሽዶድም ሆነ ነታንያ ልጆቹ የሚፈልጉት ሞገድ የሚደርሰው። ብንከለክላቸውም በቲሸርት ሹልክ ብለው ይሄዳሉ፤ እንተዋወቃለን።

ባሕር እንደ አየር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። በሱኮት ሰሞን ውኃው ገና 26 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዲሴምበር ወደ 20 ይወርዳል፤ በጣም የሚበርደው በፌብሩዋሪና በማርች ነው፣ 17 ገደማ። የሚያታልለው የፋሲካ ሰሞን ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ባሕሩ ገና 18 ወይም 19 ነው። «17 ዲግሪ ምን አላት? የጎንደር ሌሊት ከዚያ ይብስ አልነበረም?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ ግን ያ አየር ነው። ውኃ የገላን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ልጁ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ክንዱ ይዝላል። ወደ ዳር የሚመልሰው ደግሞ ያው ክንዱ ነው። በክረምት በአብዛኛው ዳርቻ መጺል የለም።

ጋቢ የሚያሞቀው በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው አይደል? የሐሊፋውም ጎማ ውስጡ በጥቃቅን የጋዝ አረፋ የተሞላ ነው። ጋቢ ከረጠበ ዋጋ የለውም፤ ይኼኛው ግን አረፋው የታሸገ ስለሆነ ውኃ አያበላሸውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ይህን ልብስ ያሰበው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር የገባው ነገር ይህ ነው፦ ለባሹ ደረቅ መሆን የለበትም። ስስ ውኃ ይገባና በገላው ይሞቃል። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ግን በየሞገዱ የሞቀው ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይገባል።

ከእናቶቻችን ጋር የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ገዝቶ «ያድግበታል» ማለት ለጃኬት ደግ ነው፤ ለሐሊፋ አይሆንም። ሲለበስ ማታገል አለበት። ከለበሰ በኋላ በአንገቱ፣ በብብቱ፣ በወገቡ ወይም ከጉልበቱ ኋላ የሚንዘላዘል ካለ፣ ትልቅ ነው። እጁን አንስቶ እንደሚቀዝፍ ያድርግ፤ ትከሻውን ከያዘው ወይም ትንፋሽ ከከለከለው፣ ጠቦታል። ሲያድግ ልብሱ ለታናሹ ያልፋል፤ የማኅበሩ ንብረት ይሁን የምንለውም ለዚህ ነው።

ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተጽፎበታል። 3/2 ማለት ደረትና ጀርባው 3፣ እጅና እግሩ 2 ነው፤ በእኛ ክረምት ለአብዛኛው ልጅ ይበቃል። ቀጭንና ቶሎ የሚበርደው 4/3 ቢለብስ አይከፋም። ከዚያ የወፈረ ክንድ ማድከም ነው፣ ገንዘብም ማባከን። ያገለገለ ቢገዛም አንቃወምም፤ ብቻ ጎማውን ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ተዉት።

ከእናንተ መካከል ባሕርን መጀመሪያ ያያችሁት በሱዳን ዳርቻ፣ በጨለማ፣ ጀልባ ስትሳፈሩ የሆናችሁ አላችሁ። ፍርሃታችሁን አንንቅም። ሐሊፋ ትንሽ ያንሳፍፋል እንጂ የሕይወት አድን ጃኬት አይደለም። ስለዚህ ማንም ብቻውን አይገባም፤ መንቀጥቀጥ የጀመረ ወዲያው ይወጣል፤ ማዕበል በበረታበት ቀን ሁላችንም ዳር እንቀመጣለን።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንድ ነገር እንለምናችሁ። በጎን ክፍል ሦስት ሐሊፋ በሦስት ቁጥር አስቀምጠናል። ልጆቹ ይልበሱት፣ እናንተም ወገባቸው ላይ ቆንጠጥ እያደረጋችሁ እዩት። ከዚያ ተመልሰን እጅ እናወጣለን።