ዝናቡ አላባራም፤ የብድሩስ ቀን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሌላ ጊዜ እኛ ከሒሳብ ክፍል የምንነሣው የገቢና የወጪ ሪፖርት ለማንበብ ነው። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ አንደግመውም። የምንናገረው ስለ ገብስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ገብስ ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ከማኅበራችን የእርሻ ብድር አብዛኛው የወጣው ለብቅል ገብስ ዘርና ማዳበሪያ ነው፤ የሚመለሰውም ከዚያው ገብስ ሽያጭ ነው። ማሳው ላይ የሆነው ሁሉ ውሎ አድሮ መዝገባችን ላይ ይመጣል።

የዘንድሮውን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እንደ ወጉ ቢሆን በግንቦት መጨረሻ የበልጉ ዝናብ ጋብ ብሎ፣ መሬቱ ጥቂት ፀሐይ አግኝቶ፣ አረሙ ተገልብጦ ደርቆ፣ ገብሱ በሰኔ ይዘራ ነበር። ዝናቡ ግን አላባራም፤ በልጉ ከክረምቱ ጋር ተጋጠመ። በዋልካው መሬት በሬው እየሰመጠ፣ ማረሻው ጭቃ እየጎተተ፣ ብዙዎቻችሁ ሰኔን ሰማይ ሰማይ ስታዩ ከርማችሁ የዘራችሁት ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። ቸኩለው በጭቃው ላይ የዘሩት ደግሞ ዘሩ በስብሶባቸው እንደገና ዘር ፍለጋ ወጥተዋል።

በእርግጥ ዝናብ በዛ ብሎ ማማረር በእኛ አገር ያሳፍራል። ድርቅን ያየ ሰው ዝናብን አይከስም። ለዚህም ይመስለናል ብዙ አባላት ችግሩን ለኮሚቴው ሳይናገሩ የቆዩት። ነገር ግን ገብስ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ከማይችሉት እህሎች አንዱ ነው። ውኃ የሞላው አፈር አየር የለውም፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ማዳበሪያው ታጥቦ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ገና በለጋነቱ ቢጫ ይሆናል። አረሙም ፀሐይ ስላላደረቀው ከገብሱ ጋር እኩል ይበቅላል። የአረሙ ሥራ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ መናገር አያስፈልግም።

የዘገየ ገብስ ሌላም ጣጣ አለው። በእኛ ደጋ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በሰኔ የተዘራው በዚያን ጊዜ ፍሬው ጠንክሮ ይጠብቀዋል፤ በሐምሌ የተዘራው ግን ገና ወተት እንደያዘ ውርጩ ይደርስበታል። ከውርጭ ቢያመልጥ እንኳ ዝናቡ ቀድሞት ስለሚያቆም ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል።

የሞላ ፍሬና የቀጨጨ ፍሬ ለገንፎና ለቆሎ ብዙም ላይለያዩ ይችላሉ። ለብቅል ግን ይለያያሉ። ይህን ከፋብሪካ ባለሙያ ይልቅ እናንተ ለጠላ ብቅል ስታበቅሉ የኖራችሁት ታውቁታላችሁ። ገብሱ ይነከራል፣ ይሸፈናል፣ ጎንቁሎ ይደርቃል። ያልበቀለች ፍሬ ብቅል አትሆንም፤ ዝናብ አግኝቷት ገና በዛላዋ ላይ ሳለች የጎነቆለችም እንደዚያው። ፋብሪካውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በብዙ ኩንታል፣ በሙቀት መለኪያና በማድረቂያ ምድጃ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ስንረከብ ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95ቱ ይብቀሉ ይላል። በወንፊት ነፍቶ ቀጫጫውን ይለያል። እርጥበቱን ይለካል። ፕሮቲኑም ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ያልሞላ ፍሬ ስታርቹ አንሶ ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ከዚያው ወንበር ላይ ይወድቃል። ቢጫ የሆነውን ገብስ አይተን ዘግይተን ዩሪያ ብንጨምርለት ደግሞ ፕሮቲኑን ይበልጥ እናበዛዋለን።

አሁን ወደ ሥራችን እንምጣ። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ የማንም አባል ሒሳብ አይደለም፤ ዋጋውንም እንዲመቸን ክብ አድርገነዋል። አንዲት አባል ከሁለት ጥማድ መሬት 12 ኩንታል ልታገኝ አስባለች እንበል። 4ቱን ለቤቷ፣ 8ቱን ለፋብሪካ። አንዱ ኩንታል 5,000 ብር ቢሆን 40,000 ብር ታገኛለች። ከነወለዱ 18,000 ብር ብድሯን ስትከፍል 22,000 ብር ይቀራታል። ዝናቡ ዘሯን አዘገየውና ምርቱ 9 ኩንታል ሆነ። ከ9ኙ በወንፊት ያለፈው 5 ብቻ ነው፤ የወደቀው 4 ኩንታል ለቤት ቀረ። 25,000 ብር አገኘች፤ ብድሩ ግን ያው 18,000 ነው። እጇ ላይ የቀረው 7,000 ብር ሆነ። ማሳው ላይ የቀነሰው ሩብ ነው፤ እጇ ላይ የቀነሰው ግን ከሦስት እጅ ሁለቱ። የዓመቱ የልጆች ደብተር፣ የዘይቱ፣ የመጪው ዓመት ዘር የሚወጣው ከዚህ 7,000 ብር ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልተነሣን ነበር፤ ዝናቡን እኛ አናዘውም። እኛ የምናዘው ቀኑን ነው። የማኅበራችን የእርሻ ብድር የሚመለሰው ኅዳር 30 ነው። ይህ ቀን የተቆረጠው ገብስ በሰኔ ይዘራል ተብሎ ነው። ዘንድሮ በሐምሌ አጋማሽ የተዘራው በኅዳር መጨረሻ ገና ማሳ ላይ ነው። ከታጨደ በኋላም መውቃት፣ ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማስረከብ፣ በዩኒየኑ በኩል ፋብሪካ ማድረስ፣ ተመዝኖና ተመርምሮ ገንዘቡ እስኪመለስ መጠበቅ አለ። ኅዳር 30 ቀን ግን እኛ ደረሰኝ ይዘን እንቆማለን።

ያቺ አባል ምን ታደርጋለች? አንድም በጓን ትሸጣለች፤ አንድም ውል የገባችበትን ገብስ ገና አውድማ ላይ እያለ ለመጣላት ነጋዴ በወደቀ ዋጋ ትሰጣለች። ሁለተኛው ከበጉ የባሰ ነው። ዩኒየኑ የተዋዋለውን ያህል አያገኝም፤ ፋብሪካውም አያገኝም። የብቅል ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው በአንድ መኸር ከተሰበሰበ ገብስ ነው፤ መጋዘኑ ካልሞላ ከጎደለው ላይ ለመሙላት ዓይኑ ወደ ውጭ አገር ያያል። ቀድሞ አገራችን ብዙ ብቅል ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ታስገባ ነበር። የአሰላው ፋብሪካ በ1970ዎቹ ተተከለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በደብረ ብርሃንና በቦሌ ለሚ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲጨመሩ ነው የደጋ ገብስ ፈላጊው የበዛው። ይህን ገበያ ያገኘነው በመከራ ነው። ዝናብ አጎደለው ቢባል ፋብሪካው ይረዳል፤ ውል አፈረሱ ከተባለ ግን በሚቀጥለው ዓመት ማን ያምነናል?

ስለዚህ ከሒሳብ ክፍል የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሐምሌ 1 በኋላ ለዘሩ አባላት የመመለሻው ቀን ጥር 30 ይሁን። መቼ እንደተዘራ የቡድን መሪዎች መዝገብ ይዘዋል፤ እሱ ይበቃናል፤ ሌላ ማስረጃ አንጠይቅም። በወቅቱ የዘሩት በኅዳር 30 ይክፈሉ። የሁለቱ ወር ወለድ ግን አይሰረዝም እንላለን። ይህ አንዳንዶቻችሁን እንደማያስደስት እናውቃለን። ወለዱ የሚሄደው ወደ ቆጣቢዎቹ አባላት ነው፤ ከእነሱም ውስጥ መሬት የሌላቸው፣ ጉልት ውለው የሚቆጥቡ አሉ። የእነሱን ድርሻ ቆርጠን ለሌላው ቸር መባል አይሆንልንም።

ዋጋ የሚያስከፍል ነገር እንዳለውም እንወቅ። የኅዳሩ ገንዘብ ሲገባ በታኅሣሥ ለገና ገበያ ለሚነግዱ አባላት ይዞር ነበር። ከዘገየ እነሱ ወረፋቸው ወደ የካቲት ይገፋል። ይህን ለማቃለል ከመጠባበቂያው ገንዘብ ለነዚህ አባላት የጠየቁትን ግማሽ ያህል በታኅሣሥ እንድናበድር ኮሚቴውን ጠይቀናል። ሙሉውን ማበደር አንችልም፤ መጠባበቂያው ተሟጦ ሳለ አንዲት አባል ብትታመም ወይም ብታዝን ምን እንላለን? ከተዘዋዋሪው ፈንድ ላይ የለጋሾቻችን ገንዘብ ስላለበት ደግሞ የእናንተን ፈቃድ እንጠይቃለን። በአውሮፓ ያላችሁ ለጋሾቻችን ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ ገበሬዎችም በጭቃ ምክንያት የጸደይ ገብሳቸውን ዘግይተው ነው የዘሩት።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር እንጨምር። ገና ከመነሻው ውኃ የሚተኛበት ማሳ ላይ የሚዘራ ገብስ ለፋብሪካ ውል ባይገባበት ይሻላል፤ ለቤት የሚሆነው ይዘራበት። ውል የምንገባው ውኃ በሚያሳልፈው መሬት ላይ ይሁን። ሁለተኛው የውኃ መውረጃ ነው። በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ፣ ዋልካውን በእጅ እያነሡ ሰፋፊ መደብ ሠርተው ውኃውን በቦዩ ማስወጣት የቆየ ልማድ ነው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫም አለ። አምስት አባላት ተባብረው አንድ ቢገዙ ብድሩን በቡድን ለመስጠት መዝገብ ከፍተናል፤ ጎንበስ ብሎ ጭቃ ማንሣቱን ግን ባሎቻችንና ወንድሞቻችንም ቢካፈሉት ደስ ይለናል።

የቀኑ ለውጥ ዛሬ በድምፅ ይወሰናል። ጸሐፊዋ የአባላትን ስም እየጠራች ነው የምትመዘግበው። ከሐምሌ 1 በኋላ የዘራችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁ በቡድን መሪያችሁ መዝገብ ላይ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ዛሬውኑ ይጻፍላችሁ።