ድኩላውን ማን አጠፋው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የማንኪራ ልጅ ነኝ። የአገሬ ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ማለዳ ቡና ለመልቀም ሲወጡ ድኩላ ከፊታቸው ዘሎ ጫካ ይገባ እንደ ነበር ሲጫወቱ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዕድሜዬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ «ማንጆዎች አድነው ጨረሱት» ይሉኛል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህ መልስ ስላላረካኝ ነው።

ነገሩን ለመመርመር እስቲ ወደ ባሌ እንሻገር። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላላ። በዲንሾ አጠገብ በጋይሳይ ሜዳ ይሰማራ የነበረው መንጋ በጥይት ተፈጀና ከሺህ በላይ የነበረው ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። ይሁን እንጂ ጥበቃው ሲመለስ እንስሳቱ እንደ ገና በዙ። እንስቲቱ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የሚግጡበት ሜዳና የሚጠለሉበት ጫካ ስላልጠፋ ነው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ጥይት የገደለውን ምድሪቱ ካለች ትተካዋለች፤ ምድሪቱ ከጠፋች ግን ዘበኛ ቢቆምም ከንቱ ነው። ዛሬ በባሌ የሚያሠጋውም የእርሻው፥ የከብቱና የሰፈራው መስፋፋት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ድኩላ ቅጠል በል ነው፤ ኑሮውም በጥሻ ውስጥ ነው። ወጥመድና ውሻ ጉዳት የላቸውም አልልም። ነገር ግን ጫካው ለእርሻ ሲመነጠር፥ ከቡናውም ሥር ቁጥቋጦው ሲጨፈጨፍ ድኩላው በምን ይደበቅ? ይህን የምናደርገው ደግሞ እኛው ነን። አባቴም ያደርገዋል፤ እኔም የተማርሁት በዚያው ቡና ገንዘብ ነው። እንግዲህ ድሃውን አዳኝ ብቻ መክሰስ የራስን እጅ ደብቆ የሰውን እጅ መጠቆም ነው።

ተስፋ ግን አለ። የከፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከነካቴው የማይነካ ክልልም ተለይቶለታል። ከዚያ ውጭ ያለው የእኛ ፈንታ ነው። ቡና ስናጸዳ በየወንዙ ዳር ጥሻ እንተውለት። ውሾቻችንን እንሰር። ጫካውን ከሁላችን ይልቅ የሚያውቁት የማንጆ ወገኖቻችን ተገቢ ደመወዝ ተከፍሏቸው ጠባቂዎች ይሁኑ። እኛም ለዕረፍት ስንሄድ ከእነርሱ ጋር ወጥተን ዱካውን እንቍጠር፤ ያልተቈጠረ ነገር ሲጠፋም አይታወቅምና።