የፍራንከንስታይን ቤተ ሙከራ በሣቅና በፍርሃት መካከል



በጭራቅ ፊልም የሚደሰት ጎልማሳ ብዙ ጊዜ እንደ ልጅ ይቆጠራል። በተለይም ፊልሙ ልኩን አልፎ መብረቁ በየደቂቃው ሲባርቅ፣ ጩኸቱም ጣሪያ ሲነካ፣ «ይህ ምን ቁም ነገር አለው?» መባሉ አይቀርም። ቁም ነገሩ ግን አለ፤ ለመሐንዲስ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይቀርበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሜል ብሩክስ ከጂን ዋይልደር ጋር ጽፎ ያዘጋጀው «ወጣቱ ፍራንከንስታይን» ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የሚያፌዘውም ጄምስ ዌል በ1931 እና በ1935 ባዘጋጃቸው ሁለት የፍራንከንስታይን ፊልሞች፣ እንዲሁም በ1939 በወጣው ተከታያቸው ላይ ነው። (ለመግባባት ያህል ጭራቅ ይባል እንጂ፣ በእኛ ተረት ጭራቅ ሰው በላ ነው፤ ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተው ፍጡር ግን ማንንም አይበላም። ከሬሳ ክፍሎች ተሰፍቶ፣ ሳይጠይቅ የተፈጠረ ምስኪን ነው።)

በ1935ቱ ፊልም አንድ ዓይነ ሥውር ባሕታዊ ፍጡሩን በቤቱ ተቀብሎ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል። በ1974 ይኸው ባሕታዊ፣ ጂን ሃክማን ሆኖ፣ የፈላ ሾርባ ጭኑ ላይ ያፈስበታል፤ አውራ ጣቱንም ሲጋር መስሎት ያቃጥለዋል። በ1931 ፍጡሩ ከአንዲት ሕፃን ጋር አበባ እየወረወረ ሲጫወት፣ አበባው ሲያልቅ እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ሐይቅ ውስጥ ይጥላታል። በ1974 ሕፃኗ አበባውን ጨርሳ «አሁንስ ምን እንጣል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ፒተር ቦይል ዘወር ብሎ ተመልካቹን ያያል። የፊተኛውን ያላየ ፈገግ ይላል፤ ያየ ግን እየሣቀ ይደነግጣል።

ይህን ሊያደርግ የሚችለው የቀድሞውን ሥራ ጠንቅቆ ያወቀ ብቻ ነው። ብሩክስ ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ካልሆነ አልሠራም በማለቱ ከአንዱ ኩባንያ ወጥቶ ወደ ሌላው ሄዷል። እልኸኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለም ቢገባበት ጥላው ሁሉ ይጠፋ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የቤተ ሙከራው ጉዳይ ነው። በ1931 ፍጡሩ ነፍስ ሲዘራ የሚታየውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሠራው ኬኔት ስትሪክፋደን ነበር። መሣሪያው የተቀባ ካርቶን ሳይሆን እውነተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ነበር። ለምሳሌ «የያዕቆብ መሰላል» የሚባለው ከታች ተቀራርበው ወደ ላይ የሚራራቁ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። አየር በአንድ ሴንቲ ሜትር 30,000 ቮልት ገደማ ሲያርፍበት መከላከሉን ስለሚያጣ፣ ብልጭታው በጠባቡ በኩል ይነሣል። የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ብልጭታውን ይዞት ይወጣል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ቮልቴጁ አልበቃው ብሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ከታች ይጀምራል። ሬሳ አያስነሣም፤ ሆኖም አንድም የፊዚክስ ሕግ ሳይጥስ ያስፈራል።

የ1931ዱ ፊልም የተዋንያኑንና የአዘጋጁን ስም ሲዘረዝር የስትሪክፋደንን አልጻፈም። ብሩክስ ቤተ ሙከራ ባስፈለገው ጊዜ ዕቃው በሠሪው ጋራዥ ተቀምጦ ተገኘ። አስመስሎ ማሠራት ይቻል ነበር፤ ብሩክስ ግን ዋናውን ተከራየ። ከ43 ዓመት በኋላም ያው መሣሪያ በአዲሱ ፊልም ውስጥ ብልጭታውን ሰጠ፤ በመግቢያው ጽሑፍም ላይ የፍራንከንስታይን ቤተ ሙከራ መሣሪያ የኬኔት ስትሪክፋደን መሆኑ በግልጽ ሰፈረ። ስትሪክፋደን ያረፈው በ1984 ነው።