ለጥገኝነት ጠያቂ የሚመክር ሰው ምን ይማር?

(ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በኤረር በር ለምንኖር ሰዎች ስደት እንግዳ ነገር አይደለም። በራችን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባቢሌና ወደ ጅጅጋ ያወጣል። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሐርተሼክ ሰፈረ። የኛም ልጆች በጅቡቲና በየመን በኩል ወጥተዋል፤ ባሕር የበላቸውም አሉ። ዛሬ ከመካከላችን አንዳንድ ወጣቶች በስልክ እየተገናኙ፣ በውጭ አገር ጥገኝነት ለሚጠይቁ ወገኖች ምክር ይሰጣሉ። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። ይህን የምለው በራሴ ስለ ደረሰ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት፣ «ሼኽ፣ ለልጄ የምስክር ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አሉኝ። ልጁ ታስሮ እንደነበር ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። እሳቸውን ለመርዳት ብዬ «አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑንም በኛ አቆጣጠር ብቻ አሰፈርኩ፤ ልጁ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ተናግሮ ኖሯል። በሁለቱ መካከል የሰባት ዓመት ልዩነት ታየ። መርማሪዎቹ «ከሁለት አንዱ ሐሰት ነው» አሉ፤ ጥያቄውም ውድቅ ሆነ። በይግባኙ ጊዜ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ እንደገና ጻፍኩ። ልጁ እስከ ዛሬ መልስ ይጠብቃል። እናቱን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ወንድሞቼ፣ ስለ ስደተኞች የቆመው ሰው አርአያችን ጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ናቸው። በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ሲቆሙ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው ነበር፤ የሳቸው እጅ ግን ባዶ ነበር። ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ እውነቱ ሊጎዳቸው እንደሚችል እያወቁ አልሸሸጉም። ንጉሡም ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ስጦታውን መለሰ፤ ስደተኞቹንም አልሰጠም። እንግዲህ የመካሪ የመጀመሪያ ትምህርት እውነት ነው። ደላላ ታሪክ ይሸጣል፤ መካሪ ግን ባለታሪኩ የራሱን ታሪክ በቅደም ተከተል እንዲናገር ይረዳል።

ሁለተኛው ትምህርት ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት መሳደድን የሚፈራውን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ከጦርነትና ከከባድ ሁከት የሸሸውንም ይጨምራል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አለ። ሥራ ፍለጋ ለወጣ ሰው «ስደተኛ ነህ» ብሎ ተስፋ መስጠት እሱን መጉዳት ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአሜሪካ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ ከጥቂት ልዩ ምክንያቶች በቀር፣ ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። የኛ ጠዋት 2 ሰዓት በነሱ 8 ሰዓት መሆኑ ይነገር። እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን፣ ከስማችን ቀጥሎ የአባትና የአያት ስም እንደምንጽፍ ይገለጽ። በነዚህ ትንንሽ ነገሮች ስንቱ ሐሰተኛ ተብሏል!

አራተኛው አማና ነው። የሰውን ምስጢርና ወረቀት ለሌላ ማሳየት፣ በምክር ገንዘብ መቀበል አይገባም። በጎ ፈቃደኛ ጠበቃ አይደለም፤ «ይህን አላውቅም፣ ባለሙያ ልጠይቅ» ማለትን ይልመድ። የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር የሕግ ትምህርት የሌላቸውን በጎ ፈቃደኞች አሠልጥኖ በየአካባቢው አሰማርቷል። ስለዚህ ሥልጠናው ካለ ሥራው ይቻላል።

አሁን ወደኛ ግዴታ ልምጣ። እነዚህ ልጆች ሌሊት የሚሰሙት ቀላል አይደለም። ስለ ሰመጠ ጓደኛ፣ ስለ ተደፈረች እኅት፣ ስለ ታገተ ወንድም ይሰማሉ፤ በማግስቱ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ብቻቸውን አንተዋቸው። በአፎቻችን ለቅሶን ተከፋፍለን እንደምንሸከም ይህንንም ተከፋፍለን እንሸከም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሥሩ፤ በሳምንት አንድ ቀን ከሕግ ባለሙያ ጋር ይቀመጡ፤ የደከመው ይረፍ፤ ሌላው ይተካው።

ኮሚቴውን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንድ ክፍል፣ የስልክ ወጪ፣ ለሥልጠናውም የሕግ ባለሙያ እንዲፈልግልን። በጀመዓው ውስጥ ሕግ የተማራችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ከዒሻ በፊት ቆዩልኝ። እኔም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጋር እቀመጣለሁ፤ የምማረው አለኝና።

አላህ በመንገድ ያሉትን ይጠብቅልን፤ ያለፉትንም ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።