«ጆሹዋ» የተባለችው የብረት ጀልባ
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ በዓል ቀን እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ስለ አንዲት የሸራ ጀልባ ለመናገር መረጥን። ባሕር በሌለበት አገር ስለ ጀልባ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ይህችም ጀልባ የተሠራችው ከባሕር እጅግ ርቃ በምትገኝ ከተማ ነው ብለን እንመልሳለን። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1925 ዓ.ም. በሃኖይ የተወለዱት ፈረንሳዊው ባሕረኛ ሙሴ በርናር ሞይቴሲዬ አስቀድሞ ሁለት የእንጨት ጀልባዎች ጠፍተውባቸው ነበር። የመጀመሪያይቱ በ1952 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ በዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ዳርቻ፣ ሁለተኛይቱ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር ተሰባበሩ። ከዚህ በኋላ ሰውዬው ሦስተኛይቱ ከአረብ ብረት እንድትሆን ቈረጡ። እንጨት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቃል፤ በብየዳ የተያያዘ የብረት ሉህ ግን ቢጐደጕድም ውኃ ሳያስገባ ሊቆይ ይችላልና።

ሾፋይ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የብረታ ብረት ፋብሪካ የነበራቸው ዣን ፍሪኮ የብረቱን ዋጋ ብቻ ተቀብለው ጀልባይቱን ሠሩላቸው። ርዝመቷ 12 ሜትር ያህል ነው። በ1962 ዓ.ም. ወደ ውኃ ወረደች፤ ብቻውን ዓለምን በመርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዞረው ለጆሹዋ ስሎከም መታሰቢያ «ጆሹዋ» ተባለች፤ በእኛ ቋንቋ ኢያሱ ማለት ነው። ገንዘብ ስላነሰ ሸራ የሚሰቀልባቸው ሁለቱ ደቀሎች ከስልክ እንጨት ተሠሩ። በዚህች ጀልባ ባልና ሚስቱ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. መካከል ከታሂቲ ተነሥተው በኬፕ ሆርን በኩል እስፔን እስኪደርሱ 126 ቀን ተጓዙ።

ብረት ግን ያለ ድካም አይያዝም። የባሕር ውኃ ያዝገዋል፤ ስለዚህ ዘወትር ዝገቱን መፋቅና ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ከውኃ በታች ባለው ክፍል ላይ የዚንክ ቁራጭ ይታሠራል፤ ጨው ያለበት ውኃ ዚንኩን አስቀድሞ እየበላ ብረቱን ይተዋል። ኮምፓስም በብረት አጠገብ ስለሚሳሳት መታረም አለበት።

በ1968 ዓ.ም. ሳያርፉ ብቻን ዓለምን የመዞር ውድድር በእንግሊዝ አገር ተደረገ። ሙሴ ሞይቴሲዬ ጀልባይቱ እንድትቀል ሞተሩን እንኳ አውርደው ነሐሴ 22 ቀን ከፕሊመዝ ተነሡ። በደቡብ አፍሪካ አጠገብ ለአንድ መርከብ መልእክት ሊሰጡ ሲጠጉ ተጋጩና ከጀልባይቱ አፍንጫ ወደ ፊት የሚዘልቀው የብረት ቧንቧ ተጣመመ። እርሳቸውም ከባሕር ሳይወጡ በገመድና በመዘውር እየሳቡ አቀኑት። እንጨት ቢሆን ኖሮ ተሰብሮ ይቀር ነበር። ከተነሡት 9 ተወዳዳሪዎች መካከል ጕዞውን የፈጸሙት ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ናቸው። ሙሴ ሞይቴሲዬ ግን ሽልማቱን ትተው ጕዞአቸውን ቀጠሉ፤ በሰኔ ወር 1969 ዓ.ም. ታሂቲ ደረሱ።

በታኅሣሥ ወር 1982 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በካቦ ሳን ሉካስ ማዕበል ተነሥቶ «ጆሹዋን» ከብዙ ጀልባዎች ጋር ወደ አሸዋ ጣላት። አካሏ ተጐዳ፤ ደቀሎቿም ወደቁ። ባለቤቷ ለሁለት ወጣቶች ለቀቁላቸው፤ እነርሱም ጠግነው ወደ ባሕር መለሷት። በ1990 ዓ.ም. የላ ሮሼል የባሕር ሙዚየም ገዛት፤ በ1993 ዓ.ም. መንግሥት በታሪካዊ ቅርስነት መዘገባት።

ወገኖቻችን ሆይ! እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። የፈተናው ውጤት በተነገረ ቀን ከመካከላችን የሚያለቅስ አይጠፋም። ወላጆቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ልጃችሁ አንገቱን ደፍቶ ቤት የገባ እንደሆነ እንደ ተሰበረ ዕቃ አትቍጠሩት። የተጣመመ ይቃናል። መምህራኖቻችንንም ስለ አንድ ነገር እናመሰግናለን፤ በየቀኑ ዝገታችንን ስትፍቁ አልሰለቻችሁም። ከእንግዲህ ግን መፋቁ የራሳችን ሥራ ነው።